ባዶ የዋለው የእማማ አስካለ ድንኳን

ባለፈው ሰሞን የልጄ ሚስት ከገበያ ስትመለስ ቢጫ የልብስ ሳሙና ይዛ መጣች። ሽታው አፍንጫ የሚወጋ፣ እንደ ጡብ ረዝሞ መጥቶ በሽቦ የሚቆረጠው ዓይነት። «እማዬ፣ ይሄኛው ቆሻሻ ይነቅላል ብለውኝ ነው» አለችኝ። አንስቼ አሸተትኩትና ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ደም ግፊቴ የተነሳ መስሏት ውሃ ልታመጣ ሮጠች። የተነሳብኝ ግን ቂሜ ነበር። ሰው ሲያረጅ ልቡ ይለሰልሳል ይላሉ፤ የኔ ጉልበቴ ነው የለሰለሰው እንጂ ልቤስ እዚያው እንዳለ ነው።

አንዳንዱ ሰው የድሮውን ፒያሳ ሲያስታውስ ፊቱ ይፈታል። የኔም ይፈታል፣ እስከ አንድ ቦታ ድረስ። ቤታችን ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ታች፣ ወደ ዶሮ ማነቂያ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነበር። ጣሊያን የሠራው፣ ወለሉ ጣውላ የሆነ፣ ሲረግጡት የሚያቃስት ቤት። ማኪያቶ በስሙኒ ይጠጣ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከኬክ ቤቶቹ የሚወጣው የሚሊፎሊ ሽታ መንገዱን ተሻግሮ እኛ ደጅ ድረስ ይመጣል፤ ሙዚቃ ቤቶቹ ደግሞ በየበሩ ድምፅ ማጉያ አውጥተው አንዱ የአንዱን ዘፈን ለመሸፈን ይጮኻሉ። ጎረምሶቹ አስፋልት በሚጠርግ ሱሪ፣ ሴቶቹ ጉልበት ላይ በሚቀር ጉርድ ሽቅብ ቁልቁል ይሉ ነበር። ኋላ ካኪው መጣና ሰዉ ሁሉ በአንድ ቀን የተሰፋ መሰለ። ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም፤ ልብስ ሰፊ ስለነበርኩ ነው። መኪናዬን መስኮቱ ሥር አድርጌ፣ እግሬን ፔዳሉ ላይ ጭኜ፣ የሰፈሩን ገቢና ወጪ እያየሁ እሰፋ ነበር። ባለቤቴ ዘውዴ ወርቅ ቤቶቹ አጠገብ በአንዲት የመስታወት ሣጥን ውስጥ ሰዓት ይጠግናል። ድሮም ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ጭራሹን መናገር ተወ።

ለተብርሃን የምትባለው ሴት የመጣችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከምጽዋ፣ በጭነት መኪና፣ ከሌሎች ተፈናቃይ ቤተሰቦች ጋር። ባሏ ወደብ ላይ ይሠራ ነበር፤ ጦርነቱ አንድ ቀን ከሥራ እንዳይመለስ አደረገው፣ ከዚያ በኋላ ያየው የለም። ስምንት ዓመት የሞላት ሰናይት የምትባል ልጅና ገና ጡት ያልተወ ወንድ ልጅ ይዛ ነበር። ትንሹን ሃብቶም ትለዋለች። መጀመሪያ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አሳደሯቸው፤ ስብሰባ አለ ሲባል ደግሞ ውጡ ተባሉ። ዝናብ ላይ ልጇን ደረቷ ላይ አስራ፣ ጊዮርጊስ አጥር ሥር ቆማ አገኘኋት። ግቢያችን ውስጥ መኪና ገብቶበት የማያውቅ ጋራዥ ነበረ፤ እኛ ከሰልና የተሰበረ ወንበር እናስቀምጥበታለን። «እስኪያባራ ግቢ» አልኳት። ዝናቡ አባራ፣ ለተብርሃን ግን አልወጣችም። እኔም ውጪ አላልኳትም።

ጋራዡን ከሰሉን ጠርገን አጠብነው። ፊት ለፊታችን ያለው ጉራጌው ባለሱቅ የሣጥን እንጨት ሰጠንና ዘውዴ ሲመሽ ከሥራ እየመጣ አልጋ ሠራላቸው፤ ሰዓት ሠሪ ስለሆነ ምስማሩን ሁሉ እንደ ጥርስ ሐኪም ነው የሚመታው። ዳቦ ቤቱ ያላበጠውን ዳቦ ለይቶ ያስቀምጥላቸዋል። ከአንድ ደንበኛ በተረፈኝ ሰማያዊ ጨርቅ ለሰናይት የትምህርት ቤት ልብስ ሰፋሁላት። ወገቡን ሦስት ጣት አጥፌ ነው የሰፋሁት፣ ስታድግ እንዲለቀቅ። አስተማሪዋም ወረቀት ሳትጠይቅ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ከሁሉ የጠቀማቸው ግን ያዋስናቸው የቤት ቁጥር ነበር። በዚያ ዘመን የቤት ቁጥር የሌለው ሰው ሰው አይደለም፤ ትምህርት ቤት የለውም፣ ስኳር የለውም፣ ሳሙና የለውም። ትንሿ ልጅ ቁጥራችንን እንደ ጸሎት ሸመደደችው። የሠፈር ሰው «የማን ልጅ ነሽ?» ሲላት የአባቷን ስም ትታ የቤት ቁጥራችንን ትናገር ነበር።

ለተብርሃንም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ቁልፍ መትከልና ዘርፍ ማጠፍ አሳየኋት፤ በአንድ ወር ውስጥ ከኔ የተሻለ ታጥፍ ጀመር። መስኮቱ ሥር እኔ መኪናው ላይ፣ እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጠን፣ ትንሹ ልጅ እግራችን ሥር ባዶ የክር ማጠንጠኛ ሲያንከባልል ይውላል። በአማርኛ ጀምራ በትግርኛ ትጨርሰዋለች፤ የማይገባኝን እየጠየቅኋት እንስቃለን። ዕድሜዬን ሙሉ ብቻዬን ስሰፋ ኖሬ፣ ጓደኛ ያገኘሁት ከጋራዥ ነው።

አሁን ወደዚያ ሰው ልምጣ። ይልማ ይባላል። የቀበሌያችን ሱቅና መዝገብ በእሱ እጅ ነበር። ሠፈሩ «ይልማ ማህተም» ይለዋል፣ ማህተሙን በገመድ አስሮ ደረት ኪሱ ውስጥ ስለሚይዘው። ያወጣውና «ሃ» ብሎ ተንፍሶበት ነው የሚመታው። ቀድሞ ኬክ ቤት አስተናጋጅ ነበር፤ ያኔ «እትዬ ብርነሽ፣ ወተቱ ይብዛ ይነስ?» እያለ ነበር የሚያስተናግደኝ። ካኪውን ከለበሰ በኋላ «ጓድ ብርነሽ» ሆንኩ። ካኪውንም የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጥሩ አድርጌ ነው የሰፋሁት። ሳሙናውን በሽቦ የሚቆርጠው ራሱ ነበር። ቁራጩን ለፈለገው ሰው ያወፍራል፣ ላልፈለገው ያቀጥናል፤ ሰልፉ ላይ የቆምነው ሴቶች ማን እንደተወደደና ማን እንደተጠላ በሳሙናው ውፍረት እናውቃለን።

ይልማ ጋራዡን ለዘመዱ ፈልጎት ነበር። መጀመሪያ በደህና ነገረኝ፤ አልሰማሁም። ከዚያ የለተብርሃንን ስም ከመዝገቡ አወጣ። የኛን ቁራጭ ሳሙና እንደ ምላጭ አቅጥኖ ሲሰጠኝ፣ «የቤት ቁጥር የሚያከራዩ ሰዎች አሉ ተብሎ ተነግሮናል» አለ፣ ሰልፉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ያከራየሁት ነገር የለም። ሰው ነው ያስጠጋሁት» አልኩት።

«ተፈናቃይ የሚጠጋበት ቦታ መንግሥት አዘጋጅቷል። ጋራዡን ትልቀቅና እዚያ ትሂድ።»

ቦታ የሚለው ከከተማ ውጪ ያለ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ከዚያ የመጡትን አይተናቸዋል። ሳሙናዬን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ፣ ለተብርሃንም እዚያው ጋራዡ ውስጥ ቆየች።

ሃብቶም ታመመ። ተቅማጥና ትውከት ነበር፣ ከላይም ከታችም። ዘውዴ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰዳቸው፣ መድኃኒት ሰጧቸው፣ አልቆመም። «ሆስፒታል መተኛት አለበት» አሉ። ሆስፒታሉ ደግሞ ድሃ መሆኗንና የቀበሌው ነዋሪ መሆኗን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠየቀ፤ ያለዚያ አልጋ የለም። ደብዳቤው ሁለት መስመር ነው። ራሴ ጻፍኩትና ማህተሙ ብቻ ጎደለው። ለተብርሃን ልጁን ታቅፋ ሄደች። «ነዋሪ አይደለችም» አለ ይልማ። በማግስቱ እኔ ሄድኩ። «ጋራዡን የምትለቅበትን ቀን ትጻፍ፣ ያኔ እናየዋለን» አለኝ። ጻፈች፤ መፈረም ትችል ነበር፣ በሚያምር እጅ ፈረመች። ያን ይዛ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስትሄድ ይልማ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ይመራል ተባለ። አብሬያት ነበርኩ። በሩ ላይ ቆምን። ድምፁ ይሰማናል፤ ስለ ሰፊው ሕዝብ ነበር የሚናገረው። ልጁ ማልቀስ አቁሞ ነበር። ያኔ አልገባኝም፣ የተሻለው መስሎኝ ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ወጣ፣ ወረቀቱን አየና ሰዓቱን አየ። ያን ሰዓት የጠገነለት ዘውዴ ነው። «አሁን ምሳ ነው። ከሰዓት ኑ» አለ።

ማህተሙ ኪሱ ውስጥ ነበር። ገመዱ ይታየኛል። እጁን ወደ ኪሱ መስደድ ብቻ ነበር የቀረው።

ከሰዓት አልደረስንም። ልጁ ምኒልክ አደባባይ ጋ፣ እንዲያው ሆስፒታል ልንወስደው ታክሲ ስንጠብቅ፣ እናቱ ጀርባ ላይ አለፈ። ለተብርሃን ወዲያው አውቃለች። ቁጭ ብላ አወረደችውና ዓይኑን ከደነችለት፣ «በቃ፣ ሓፍተይ» አለችኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው። አልጮኸችም። እኔ ነኝ የጮህኩት።

ያን ቀን ማልኩ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለዘውዴም። ወንድ ብሆን ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም፤ በዚያ ዘመን ወንዶቹም ምንም ማድረግ አይችሉም ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር ነበረኝ። የዕድሩ ሴቶች ኃላፊ ነበርኩ። ሰው ሲሞት ማን ንፍሮ ይቀቅላል፣ ማን ውሃ ይቀዳል፣ ማን ለቅሶ ቤት ያድራል የሚለውን የምደለድለው እኔ ነኝ። ባለ ካኪውም ባለ ነጠላውም አንድ ቀን እጄ ላይ መውደቁ አይቀርም። ስለዚህ ጠበቅሁ። መጠበቅ ደግሞ ልብስ ሰፊ ያውቅበታል።

ዓመት ሳይሞላ የይልማ እናት ሞቱ። እማማ አስካለ ይባላሉ፤ ዝም ያሉ፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ጊዮርጊስ ሄደው የሚመለሱ ሴት ነበሩ። ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ከዚያ በላይ አላውቃቸውም፣ ለማወቅም አልፈለግኩም። ጡሩንባው ሲነፋና ስማቸው ሲጠራ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩና፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ ቤት ለቤት ዞርኩ። አትሂዱ ብዬ ያዘዝኩት ሰው የለም፤ ያን ብል እስር ቤት ነበር የምገባው። በየበሩ ቆሜ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የተናገርኩት፤ «እኔ ዛሬ ወገቤን አሞኛል» አልኩ። ሰፈሩ የአራዳ ሰፈር ነው፣ ነገር ለመረዳት ሁለት ጊዜ አይነገረውም። አንዷ «እኔንም ጥርሴን» አለች። ሌላዋ ልጇን ትኩሳት እንደያዘው ነገረችኝ፤ ልጇ ከኋላዋ ቆሞ ዳቦ ይበላል። የጉራጌው ሚስት በሩን ገርበብ አድርጋ ቆየችና «ሪህ ይሻላል ጉንፋን?» ብላ ጠየቀችኝ። እስከ ረፋድ ድረስ በዚያ ቁልቁለት ላይ ጤነኛ ሴት አልተገኘችም።

ወንዶቹ ከቀብር ከቀሩ የዕድሩ ቅጣት ስላለባቸው ቀበሩና ተበተኑ። በካኪ የመጡ ጓዶቹ በመኪና መጥተው ለጥቂት ደቂቃ ተቀምጠው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ድንኳኑ ባዶ ቀረ። እኔ መስኮቴ ሥር ተቀምጬ እሰፋለሁ። ድንኳኑ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። አግዳሚ ወንበሮቹ እንደተደረደሩ ናቸው፤ ይልማ ካኪውን አውልቆ፣ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ፣ ብቻውን መሐል ላይ ተቀምጧል። መኪናዬን እየረገጥኩ አየሁት። ያን ቀን የሰፋሁት ስፌት በሕይወቴ ከሰፋሁት ሁሉ ቀጥ ያለ ነበር።

ወደ ስምንት ሰዓት ግድም አንዲት ሴት ጀሪካን ተሸክማ ወደ ድንኳኑ ስትገባ አየሁ። ለተብርሃን ነበረች። መቀሴን ወርውሬ ወረድኩ። ከድንኳኑ ጓሮ፣ ንፍሮ የሚቀቀልበት ቦታ፣ እሳት ስታያይዝ ደረስኩባት።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አልኳት።

«ንፍሮ እቀቅላለሁ። ሰው የለም።»

«ሰው የሌለው ለምን ይመስልሻል? ላንቺ ብዬ ነው። ለልጅሽ ብዬ ነው።»

እሳቱን እፍ ብላ አቀጣጠለችና ቀና አለች። ፊቷ ላይ አመድ ነበር። «አውቃለሁ። ሁሉም ነገሩኝ። እኔን ግን ማን ጠየቀኝ?»

«ለዚያ ሰው ንፍሮ ትቀቅያለሽ?»

«ለእሱ አይደለም። እሱን እስክሞት ድረስ ይቅር አልለውም፣ እሱ የኔ ጉዳይ ነው» አለች፤ ድምፅዋ እንደዚያ ሲሻክር ሰምቼው አላውቅም። «እሳቸው ግን ምን አደረጉን? ስሜን ከመዝገብ ካወጣ በኋላ ሳሙናውና ስኳሩ ከየት ይመጣ ነበር መሰለሽ? ከጊዮርጊስ ሲመለሱ በነጠላቸው ሥር ይዘው በጓሮ ይገቡ ነበር። ‹ለብርነሽ አትንገሪያት፣ ልጄን ትጠላለች፣ አትቀበልም› ይሉኛል። ሃብቶም ሲታመም ልጃቸው እግር ላይ ሁለት ቀን ወድቀዋል። ሊሰማቸው አልቻለም። ልጄን ገንዤ የቀበርኩበት ነጠላ የማን ነው? የእሳቸው ነው።»

ያን ነጠላ በእጄ ነክቼዋለሁ። ጥለቱ አረንጓዴ ነበር፤ ለተብርሃን ከምጽዋ ያመጣችው መስሎኝ ነበር። ወደ ድንኳኑ ዞርኩ። ይልማ ከመቀመጫው ተነስቶ መግቢያው ላይ ቆሟል። ስንነጋገር ሰምቷል አልሰማም፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዓይኑ ቀልቷል።

«እትዬ ብርነሽ» አለኝ። እንደ ኬክ ቤቱ ጊዜ። «ይግቡ።»

መግባት ነበረብኝ። ሦስት እርምጃ ነው። አንድ ጊዜ ገብቼ ብቀመጥ ሰፈሩ ሁሉ በመስኮት እያየ ስለነበር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድንኳኑ ይሞላ ነበር። እግሬም ተነስቶ ነበር። ግን ፊቱን አየሁት፣ ያ ስድስት ሰዓት ላይ ሰዓቱን ያየ ፊት ነው። «ወገቤን አሞኛል» አልኩትና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። የቀጠነ ሳሙና እንደ ሰጠኝ፣ እኔም የቀጠነ ውሸት ሰጠሁት። እማማ አስካለ ሦስቱንም ቀን በአንዲት ስደተኛ ሴትና በልጇ ተለቀሱ።

እንዲበቀለኝ ጠበቅሁ። ዘውዴ ሁለት ካልሲና ብርድ ልብስ በከረጢት አዘጋጅቶ በር አጠገብ አስቀመጠ፣ ሊወስዱን ሲመጡ እንዳንፈልግ። ማንም አልመጣም። ለተብርሃን የፈረመችው ወረቀት እንዲሁ ቀረ፣ ጋራዡንም ዳግመኛ አልጠየቀም። ሳሙናውንም እንደ ሰው ቆርጦ ይሰጠኝ ጀመር። ይህ ነው በጣም ያናደደኝ። ክፉ ሆኖ ቢቀጥል እኔም በቂሜ እንደ ልቤ እኖር ነበር፤ እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ሳሙና ይቆርጣል፣ እኔ ደግሞ ያን ሳሙና ይዤ ስሄድ እጄ ውስጥ የእማማ አስካለ ይመስለኛል። በእሱ ምክንያት አንዲት ደግ ሴት ያለ አልቃሽ እንድትቀር አደረግኩ። ይህንንም በእሱ ላይ ጻፍኩት። ከራሴ ጥፋት ላይ ግን አልቀነስኩም።

ዘመኑ ሲለወጥ ይልማ ታሰረ። የበደለ ሰው ካለ ይመስከር ተባለ። ስፌቴን ትቼ ሮጥኩ፣ ለተብርሃንን «ተነሽ እንሂድ» አልኳት። ያኔ ጋራዡን ለቅቃ፣ ከእኛ ሁለት መንገድ አልፋ የራሷን የስፌት ክፍል ከፍታ ነበር፤ ሰናይትም አድጋ ጽሕፈት ቤት ሥራ ገብታለች። «አልሄድም» አለችኝ። «ልጄ በአንድ ወረቀት ምክንያት ሞተ። ደግሞ ወረቀት ውስጥ አልከተውም።» ሳምንት ሙሉ ተኮራረፍን። ብቻዬን ሄጄ ልመስክር ብዬ ነበር፤ በሩ ድረስ ደርሼ፣ «ስለ ድንኳኑስ ቢጠይቁኝ?» ብዬ ተመለስኩ። ይልማ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተፈታ። ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ የቆመ መኪና ሲጠብቅ አየው ነበር፣ ጥርሱ ረግፎ፣ ኮት ሰፍቶበት። የደረበውን ኮት የሰፋው ሰው ትከሻ አያውቅም። ሰላም ሳልለው አልፋለሁ፣ እሱም ቆቡን ያነሳል።

አሁን ሰፈራችን ለልማት ተነስቶ ሁላችንም ከተማው ዳር ዳር ተበትነናል። የጣውላ ወለሉም ጋራዡም የሉም፤ ቁልቁለቱን ራሱን አስተካክለውት የቱ ጋ እንደነበርን መለየት አልቻልኩም። ዕድሩ ግን አልፈረሰም፤ በስልክ ነው የምንጠራራው። ያን ሳሙና ባሸተትኩ በሳምንቱ ተደወለልኝ። ይልማ አርፏል፣ ለቅሶው ሴት ልጁ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ነው አሉኝ።

ለተብርሃን ጋ ደወልኩ። «ትሄጃለሽ?» አልኳት።

«ለእሱ? አልሄድም» አለች። «ነግሬሽ ነበርኮ፣ እስክሞት ድረስ ብዬ። አንቺስ?» አለችኝ።

«እኔንጃ።»

ጥቁር ቀሚሴን አውጥቼ ለበስኩ። ልጄ በመኪና አደረሰኝ። ድንኳኑ ግማሽ ያህል ሰው ነበረው፤ የማላውቃቸው ወጣቶች፣ ስልካቸውን የሚነካኩ። ሴት ልጁ መግቢያው ላይ ቆማ ታስገባለች። የአፍንጫዋ አቆራረጥ የእማማ አስካለ ነው፣ ከነጠላው በላይ ይታይ የነበረው። እጄን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና አጠገቤ በርከክ አለች።

«እማማ፣ የአባዬ የድሮ ጎረቤት ነዎት?»

«ነኝ።»

«ይወድዎት ነበር ማለት ነው፣ ይህን ያህል መንገድ የመጡት።»

ዋሽቼ ደስ ላሰኛት እችል ነበር። ልጅቷ ምንም አላደረገችኝም። ግን አንድ ጊዜ ዋሽቼ ያየሁትን አይቻለሁ።

«አይ ልጄ» አልኳት፣ «ለአባትሽ አይደለም። የአያትሽን ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት። ዘግይቼ ነው።»